የመቀነስ ምልክት

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አውቶቡስ መንገዱን ሲጨርስ፣
ውሃ በጄሪካን ተሸክሜ አራተኛው ፎቅ ስደርስ፣
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይነዝረኛል፦
«መምህር፣ አምስተኛው ጥያቄ ላይ ቆመናል።»

ትምህርት ቤት ከተዘጋ እነሆ ሦስት ወር ነው፤
ጥቁር ሰሌዳዬ የመኝታ ቤቴ በር ነው።
ከውስጥ በኩል ጠመኔ፣ ከውጭ በኩል ቁልፍ፤
የላይኛዋ ጎረቤት በርበሬ ወቅጣ እስክታርፍ
ጠብቄ እቀዳለሁ፦ አራት ደቂቃ ድምፅ፣ አንዲት ፎቶግራፍ፤
ከዚያ አልጨምርም፣ የሞሉት ካርድ ባንዴ እንዳይራገፍ።

ሙባረክ የሚሰማኝ ሲሚንቶ ቁልል ላይ ተቀምጦ ነው፤
የቀን ሥራ ይዟል፣ ምሳ ሰዓቱ ክፍለ ጊዜው ነው።
በሚልከው ፎቶ ጥግ አውራ ጣቱ አለ፣ ኖራ የበላው፤
ስሌቱን ላርም ስል ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ለሊሴ ስልክ የላትም፤ የወንድሟን ትጠብቃለች፣
ባጃጁን አቁሞ ሲተኛ ከትራሱ ሥር ታወጣለች፣
ብርድ ልብስ ተከናንባ ድምፄን ዝቅ አድርጋ ትሰማለች።
ሌሊት ስድስት ሰዓት፦ «መምህር፣ ቀስ እያሉ ያስረዱ፤
እርስዎ ሲፈጥኑ ቁጥሮቹ ጥለውኝ ሄዱ።»

አቤነዘር ግን ዝም ነው።
የላክሁትን ሁሉ አይቷል፣ ሁለቱ ጭረት ይመሰክራል፤
ቃል ግን የለም።
እናቱን ጉልት አገኘኋት፣ ቲማቲም በመደብ ስትደረድር፤
«ያጠናል፣» አለችኝ፣ «ሰው ፊት መሳሳት ነው የሚፈራው ልጄ።
ይጽፋል፣ ያጠፋል። ይጽፋል፣ ያጠፋል።
ላጲስ ገዝቼ አልቻልሁም።»

ፈተናው ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣
መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ፣ የመጨረሻውን ክለሳ ቀዳሁት፤
የኮሳይንን ዲሪቬቲቭ ሳይን ነው አልሁት፤
መቀነሱን ዋጥሁት!
አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያስተማርሁት!
ለሠላሳ አንድ ልጅ ላክሁትና ተኛሁ።

ሲነጋ ኔትወርክ የለም። ሌሊት ሳይጠፋ ግን
አንዲት መልእክት ገብታለች፣ ከአቤነዘር፣ የዓመቱ የመጀመሪያ፦
«መምህር፣ ይቅርታ። መቀነስ የለውም ወይ?»

የሐምሌ ጭቃ ጫማዬን ሊያስቀር ሲታገል
ከብሎክ ብሎክ ዞርሁ፤ ወጣሁ፣ ወረድሁ፣ በር ደበደብሁ።
«የጥበቃ መዋጮ ከሆነ ከፍለናል!» አሉኝ አንድ አባት በበሩ ቀዳዳ።
«መዋጮ አይደለም አባባ፤ እኔ ነኝ ያለብኝ ዕዳ።
ልጅዎን ይጥሩልኝ፣ አንዲት ጭረት ልስጣት፣
ከሳይኑ ፊት ትጻፋት።»
ሙባረክን ከሕንፃው ሥር ሆኜ ጠራሁት፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፦
«መቀነስ ጨምርበት! ሳይኑ ላይ መቀነስ ጨምርበት!»
ፎርማኑ ዞር አለ፦ «ምኑ ነው የሚቀነሰው? ሲሚንቶው?»

የመጨረሻው በር የአቤነዘር ነበር።
ከፍቶ ቆመ፤ ለካ በሦስት ወር በቁመት በልጦኛል።
ደብተሩን አሳየኝ፣ ላጲስ አሳስቶት ብርሃን የሚያሳልፍ ገጽ፣
መሃሉ ላይ ያቺ ጭረት፣ ደምቃ፣ ሳትጠፋ።
«ልክ ነህ፣» አልሁት። «እኔ ነኝ የተሳሳትሁ።»
መሬት መሬት አየ። ቆይቶ፣ «ሻይ ይጠጣሉ?» አለኝ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወስዷቸው አውቶቡሶች ጎህ ሳይቀድ ተሰለፉ።
ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ለሊሴ ባዶ እጇን መጣች።
ሙባረክ ታጥቧል፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ኖራ ግን አልወጣም።
የምነግራቸው ነገር አዘጋጅቼ ነበር።
እጄን ብቻ አወዛወዝሁ።

ስመለስ የለሊሴ ወንድም በባጃጁ ጫነኝ።
ከብሎኬ በር ላይ ወርጄ፣ «ሂሳብ ስንት ነው?» አልሁት።
«ሂሳብማ እርስዎ ጋ ነው ያለው፣» ብሎ ሳቀ፤
«ሦስት ወር ሙሉ የተኛሁ መስዬ ስሰማዎት ነበር።
መቀነስ አለው አይደል፣ ያ ሳይን?»